ሹፌሩን ተዉትና ወንበሩን ጠይቁት

መካኒሳ አቦ ፎርሙላ ዋን ማየት ማለት ትንሿን ቲቪ ማየት ማለት ነው። ትልቁ ስክሪን የእግር ኳስ ነው፤ ይሄ አያከራክርም። እሁድ 10 ሰዓት ላይ የአውሮፓው ውድድር ሲጀመር የፕሪምየር ሊግ ጨዋታም አብሮ ይጀመራል። እኛ አምስት ስድስት የምንሆነው ከኋላ ጥግ፣ ፍሪጁ አጠገብ፣ ድምፅዋ የተዘጋ ቲቪ ስር እንሰበሰባለን። አርሰናል ሲያገባ ቤቱ ይናወጣል፤ እኛ የጎማ ቅያሪ ሰከንድ እንቆጥራለን። ድምፅ ስለሌለን ኮሜንታተሩም እኛው፣ ዳኛውም እኛው፣ ኢንጂነሩም እኛው ነን። ጠቡም እንደዚያው የእኛው ነው።

በዚህች ጥግ አንድ ፓርቲ አለ። ምርጫ ቦርድ አያውቀውም፣ ግን አብላጫ ድምፅ አለው። ስሙን ያወጣንለት እኛ ነን፦ የድሮ ይሻላል ፓርቲ፣ ባጭሩ ድይፓ። ፕሮግራሙ አንድ አንቀጽ ናት። ፎርሙላ ድሮ ቀረ! ድሮ የሚነዱት ወንዶች ነበሩ፤ አሁን ሹፌሩን ብረት ጎጆ ውስጥ ከተቱት። ዝናብ ሲያካፋ ውድድር ይቆማል። ሃሎ የሚባለው ነገር መኪናውን ነጠላ ጫማ አስመሰለው። ሞት የሌለበት ውድድር ምኑን ውድድር ሆነ? ይላሉ የፓርቲው ሰዎች፣ ማኪያቷቸውን እየማጉ።

እውነቱን ለመናገር እኛም ለተወሰነ ጊዜ አባል ነበርን። ሃሎ መጀመሪያ የመጣ ጊዜ ከሁሉም በላይ የጮህነው እኛ ነን። ዛሬ ግን ከድይፓ ጋር የምር ተጣልተናል፤ ለምን እንደተጣላንም እንናገራለን። (ከዚህ በታች ያለው ዓመተ ምሕረት ሁሉ የፈረንጅ ነው። ስፖርቱ የነሱ ስለሆነ አቆጣጠሩንም ለነሱ ትተንላቸዋል።)

እስቲ ያ የሚናፈቀው "ድሮ" ምን ይመስል እንደነበር እንይ። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ አብዛኞቹ የፎርሙላ አሽከርካሪዎች ቀበቶ አያስሩም ነበር። ክርክራቸው ቀላል ነው፦ መኪናው ተጋጭቶ እሳት ሲነሳ ውስጥ ታስሮ ከመቃጠል ወደ ውጭ ተወርውሮ መውደቅ ይሻላል። ይህን ክርክር የት እንደሰማችሁት አስታወሳችሁ? ከሜክሲኮ በሳር ቤት መካኒሳ በሚመጣው ታክሲ ጋቢና ውስጥ ነው። "ወንድሜ ቀበቶ እሰር" ሲባል፣ "ኧረ ተወኝ፣ አደጋ ቢመጣ በምን ልወጣ ነው?" የሚለው ሰው ሳያውቀው የ1960ዎቹን የፎርሙላ ፍልስፍና እያስተማረን ነው።

ፍልስፍናው ምን እንዳደረገ ዮኸን ሪንት ምስክር ነው። በ1970 ሞንዛ ላይ በልምምድ ሰዓት ሎተሱ ከመንገድ ወጥቶ ተጋጨ። ሪንት የትከሻና የወገቡን ቀበቶ አስሯል፤ በጭኖቹ መካከል የሚያልፈውን ግን አይወደውም ነበር፤ እሳት ከተነሳ ቶሎ ለመውጣት ይከለክለኛል ብሎ ስለሚያስብ። ሲጋጭ ሰውነቱ በቀበቶው ስር ወደፊት ተንሸራተተና ቀበቶው ራሱ ገደለው። የዚያን ዓመት ዋንጫ ከሞተ በኋላ አሸነፈ፤ ነጥቡን የደረሰበት አልነበረም። ስድስት ቦታ የሚታሰረው ቀበቶ ግዴታ የሆነው በ1972 ነው።

ጃኪ ስቱዋርትን ደግሞ ድይፓ በጀግንነቱ ያነሳዋል፤ ሦስት ጊዜ ሻምፒዮን ስለሆነ። ያልተነገራቸው ነገር አለ። በ1966 ቤልጅየም ስፓ ላይ ዝናብ ድንገት ጥሎ መኪናው ከመንገድ ወጣ። እግሩ መሪው ስር ተቀርቅሮ፣ ቤንዚን እላዩ ላይ እየፈሰሰ ወደ 25 ደቂቃ ያህል ቆየ። ያወጡት የሕክምና ሠራተኞች አይደሉም፣ ሁለት ተፎካካሪዎቹ ናቸው። መሪውን ለመፍታት መፍቻ ስላልነበራቸው ከተመልካች ተውሰው ነው። ከዚያ በኋላ ስቱዋርት ሁልጊዜ መሪው አጠገብ አንድ መፍቻ በፕላስተር አስሮ ይነዳ ጀመር። የብረት አጥር፣ ሐኪም፣ ቀበቶ፣ የራስ ቁር እያለ ሲወተውት ያኔ የነበረው ድይፓ "ፈሪ" አለው። ይቺን መፍቻ አስታውሱልን፤ ወደኋላ እንመለስባታለን።

ኒኪ ላውዳም አለ። በ1976 ኑርበርግሪንግ አደገኛ ነው፣ ውድድሩን እንተወው ብሎ ጓደኞቹን ቢጠይቅ አብዛኞቹ እምቢ አሉ። በዚያው ውድድር ተቃጠለ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ቁስሉ ሳይደርቅ ሞንዛ ላይ ተመልሶ አራተኛ ወጣ። በዓመቱ መጨረሻ ጃፓን ፉጂ ላይ ዶፍ ሲወርድ ሁለት ዙር ነድቶ መኪናውን አቁሞ ወረደ፤ ዋንጫውንም በአንድ ነጥብ ለጄምስ ሀንት አጣ። አሁን ድይፓ ይንገረን፦ ይህ ሰው ፈሪ ነው? መካኒሳ ላይ በዚያ ዝናብ "አልነዳም" የሚል ሹፌር ቢገኝ እጁን ለመሳም ነው የምንወርድለት።

ወደ ሃሎ እንምጣ። ከአሽከርካሪው ጭንቅላት ፊት ለፊትና ዙሪያ የሚዞር የታይታኒየም ቅስት ነው፤ ክብደቱ 7 ኪሎ ገደማ፣ የሚሸከመው ግን ወደ 12 ቶን የሚጠጋ። በ2018 ግዴታ ሲሆን የመርሴዲሱ አለቃ ቶቶ ቮልፍ መጋዝ ቢሰጡኝ ቆርጬ እጥለዋለሁ ብሎ ነበር። ሮማ ግሮዣንም ተቃዋሚ ነበር። ከዚያ ኅዳር 2020 ባህሬን። ባህሬን ከእኛ ጋር ሰዓቷ አንድ ስለሆነ ውድድሩ የተጀመረው ከምሽቱ 11 ሰዓት ከ10 ላይ ነው፤ በመጀመሪያው ዙር የግሮዣን መኪና በ190 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት የብረቱን አጥር ሰንጥቆ ገባ፣ ለሁለት ተቆረጠ፣ ነደደ። ቲቪያችን ድምፅ ስለሌላት ዝም ብለን ነው ያየነው። ሞቷል ብለን ነበር። ለግማሽ ደቂቃ ያህል እሳት ውስጥ ቆይቶ በራሱ እግር ወጣ፤ እጆቹ ተቃጠሉ እንጂ ጭንቅላቱ ቦታው ላይ ነበር። ሃሎ ባይኖር አጥሩ ምን ያደርገው እንደነበር መናገር አያስፈልግም። እሱም አፉን ሞልቶ ተሳስቼ ነበር አለ። በ2021 ሞንዛ ላይ ደግሞ የቨርስታፐን የኋላ ጎማ ሃሚልተን ጭንቅላት ላይ ሲወጣ የያዘው ይኸው ቅስት ነው። ሃሎ የሉዊስን ሕይወት አተረፈ ያለው ማን ይመስላችኋል? ቶቶ ቮልፍ፣ ያ ባለመጋዙ።

እስካሁን ያለው የስፖርት ክርክር ነው። በዚህ ብቻ ቢሆን ከድይፓ ጋር ማኪያቶ እየተገባበዝን እንቀጥል ነበር። የተጣላንበት ጉዳይ የአሽከርካሪዎች ዝውውር ላይ ሲያወሩ ነው የጀመረው።

ሃሚልተን ወደ ፌራሪ እንደሚሄድ በ2024 መጀመሪያ ሲሰማ ጥጋችን ሠርግ ቤት መሰለች። ሰባት ዋንጫ ያለው ሰው ቀይ ለበሰ! ከዚያስ? በ2025 ሻንጋይ ላይ አንዲት አጭር ውድድር አሸነፈ፤ በዋናው ውድድር ግን ዓመቱን ሙሉ አንድም ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ሆኖ መድረክ ላይ አልወጣም። ድይፓ ምን አለ? "መኪናው ነው!" ትክክል። ሬድቡል ደግሞ ከቨርስታፐን ጎን ያለችውን ወንበር ለፔሬዝ ሰጠ፣ ፔሬዝ በ2024 ወረደ። ለሎውሰን ሰጠ፣ ከሁለት ውድድር በኋላ ነጠቀው። ለሱኖዳ ሰጠ፣ እሱም አልሆነለትም። ለ2026 ሃጃር ተተካ። ድይፓ በአንድ ድምፅ ምን ወሰነ? "ልጆቹ ምን ያድርጉ፣ ወንበሯ ናት የምትበላቸው!" ይሄም ትክክል። ሦስት ሰው አንድ ቦታ ላይ ተራ በተራ ሲወድቅ ቦታውን መመርመር ያስፈልጋል፤ ይህን ለመረዳት ኢንጂነር መሆን አያሻም።

እንግዲህ ይህን ያሉ ሰዎች ናቸው፣ ያንኑ ቀን ማታ፣ ታክሲ ውስጥ ሌላ ሰው የሆኑት።

ባለፈው ክረምት ነው። ውድድሩን አይተን፣ ሳር ቤት ጉዳይ ነበረንና ደርሰን፣ በአንድ ሃይስ ስንመለስ መካኒሳ አካባቢ ከቅያስ ዘው ያለ ባጃጅ ፊታችን ገባ። ሹፌሩ ፍሬን ያዘ። ፍጥነቱ 40 አይሞላም። ሁለተኛው ረድፍ ወንበር ከነሰዎቹ ከወለሉ ተነቅሎ ወደፊት ሄደ። ከኛ ፊት የተቀመጡ እናት ከንፈራቸው በፊተኛው ወንበር ብረት ተሰነጠቀ፤ ጭናቸው ላይ የነበረውን ሕፃን እንደምንም ይዘውታል። ረዳቱ "አይዞሽ እናቴ፣ ተርፈሻል፣ ተመስገን በይ" አላቸው። የቀረው ተሳፋሪ ሁሉ ሹፌሩ ላይ ወረደ። ዱርዬ! መንጃ ፈቃድህን ስንት ገዛኸው? ከኛ ውስጥ አንዱ፣ አፍረን ነው የምንጽፈው፣ "ፍሬን መያዣ ቦታውን አሳለፈው" አለ። እናትየው ደማቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ፣ እኛ የቴሌቪዥን ትንታኔ!

ሹፌሩ ልጅ ነው፤ ሃያ ሦስት ሃያ አራት ቢሆነው ነው። እናትየውን ክሊኒክ ካደረስን በኋላ ወንበሩን ለማስበየድ ውስጥ ለውስጥ ወዳለ ጋራዥ ሲሄድ አብረን ሄድን። ብየዳ የሚሠሩት ሰውዬ ወለሉ ላይ ተንበርክከው በባትሪ አዩና "ኑ እዩ ልጆቼ" አሉን። ሰውዬው ያሉን ይህን ነው፦ ይህ መኪና ሲመጣ የዕቃ መኪና ነበር። ወንበር አልነበረውም፣ የጎን መስኮትም አልነበረውም። መስኮቱን ሰው ነው የቆረጠው፣ ወንበሩን ሰው ነው የተከለው። ለወንበሩ እግሮች አራት ቡሎን ይገባው ነበር፣ ያለው ሁለት ነው። ሁለቱም ከታች ወፍራም ላሜራ ሳይደገፍላቸው እንደ ቆርቆሮ የሳሳ ወለል ላይ ዝም ብለው ታስረዋል። 

"ጋሼ፣ ቦሎ ሲታደስ ይሄን አያዩትም?" አልናቸው።

"ፍሬን ያያሉ፣ መብራት ያያሉ። እኔ በበየድኳቸው መኪኖች ጎንበስ ብሎ ወንበር ስር አየ የተባለ ሰው እስካሁን አልሰማሁም" አሉን፤ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ጎበዝ፣ እዚህ ላይ ነው ከድይፓ ጋር የተለያየነው። ሬድቡል ወንበር ላይ ሦስት ሰው ሲወድቅ ወንበሩ ይመርመር ያለ ሰው፣ መካኒሳ ወንበር ከወለል ሲነቀል ወንበሩ ወለሉ ላይ በምን እንደታሰረ አይጠይቅም። ስለ ሃይሱ አሠራር ትንሽ እናውራ፤ መኪና ዲዛይን ማውራት እንወዳለን አይደል? በእኛ አሮጌ ሃይስ ሞተሩ ያለው ጋቢናው ስር ነው። ከሹፌሩ ጉልበት ፊት ያለው ቀጭን ላሜራና መብራት ብቻ ነው። ፎርሙላ መኪና ላይ አፍንጫው እንዲጨፈለቅ ተደርጎ ይሠራል፤ ግጭቱን እሱ እንዲበላው። የኛ ሃይስ ሲጋጭ ግጭቱን የሚበላው የሹፌሩ እግርና ጋቢና የተቀመጠው ሰው እግር ነው። ሞተር ላይ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ የተቀመጠው ትርፍ ተሳፋሪ ደግሞ ቀበቶ ቀርቶ መደገፊያም የለው። በ2022 አዲሶቹ የፎርሙላ መኪኖች በፍጥነት ሲሄዱ እየነጠሩ ስላስቸገሩ ሃሚልተን ባኩ ላይ ጀርባውን ይዞ በመከራ ከመኪናው ሲወርድ፣ የዓለም አውቶሞቢል ፌዴሬሽን ንዝረቱን ለክቶ ገደብ አወጣ። የእኛ ታክሲ ባሊስትራ ጀሞ እስኪደርስ ስንት ጊዜ እንደሚያነጥረን የሚለካ ፌዴሬሽን ቢኖር ስንት መዝገብ ይሞላ ነበር!

"ሹፌሩስ ጥፋት የለበትም ልትሉ ነው?" ይላል ድይፓ። አላልንም። ጥያቄው ሌላ ነው። በ2014 ሱዙካ ላይ ዡል ቢያንኪ በዝናብ ከመንገድ ወጥቶ ሌላ መኪና ሊያነሳ ከገባ ክሬን ጋር ተጋጨ፤ በሐምሌ 2015 ሞተ። የተቋቋመው አጣሪ ቡድን ቢያንኪ በቂ ፍጥነት አልቀነሰም አለ። ይህ በእኛ ቋንቋ "የአሽከርካሪው ጥፋት" ነው፤ እኛ ጋ ቢሆን ፋይሉ እዚያው ይዘጋል። እነሱ ግን በ2015 አዲስ ሕግ አመጡ፦ መንገድ ላይ አደጋ ሲኖር ሁሉም መኪና በተወሰነ ፍጥነት እንዲሄድ ይገደዳል፣ ለሹፌሩ ልቦና አይተውም። ሰው ሁልጊዜ ይሳሳታል ብለው ተነሱና ስህተቱ እንዳይገድል መንገዱንና መኪናውን ቀየሩ። ሴናና ራትዘንበርገር በ1994 ኢሞላ ላይ በተከታታይ ሁለት ቀን ከሞቱ በኋላ በታላቁ ውድድር ላይ በደረሰ አደጋ ሌላ አሽከርካሪ እስኪሞት፣ እስከ ቢያንኪ ማለት ነው፣ 21 ዓመት ያለፈው በጸሎት አይደለም። የቻይናው ጆው በ2022 ሲልቨርስቶን ተገልብጦ የጭንቅላት መከላከያ ቅስቱ ሲሰበር፣ ሕጉ ጠነከረ፤ ለ2026ቱ መኪና ቅስቱ መቻል ያለበት ጫና ከ16 ጂ ወደ 20 ጂ ከፍ ብሏል። ድይፓ ግን ስለ 2026 መኪና ሲያወራ ስለሚንቀሳቀሱት ክንፎችና ኃይሉ ግማሽ በግማሽ ኤሌክትሪክ ስለመሆኑ ብቻ ነው።

የእኛን ዜና ደግሞ አዳምጡት። "ቅድሚያ ባለመስጠት"፣ "ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ በማሽከርከር"፣ "የአሽከርካሪው የጥንቃቄ ጉድለት"። አለቀ። ወንበሩ በምን ታስሮ ነበር? ጎማው ስንት ዓመቱ ነው? ቀበቶ ነበረው? ሹፌሩ ስንት ሰዓት ነዳ? ያ ልጅ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ የሚነዳው ለባለቤቱ የሚገባውን የቀን ሂሳብ ለመሙላት ነው። ከዚያ የተረፈው ነው የእሱ። ይሄ በየትኛው የአደጋ ዘገባ ላይ ተጽፎ ያውቃል?

ሁለተኛው የድይፓ መልስ ድህነት ነው። "ፎርሙላ የሚሊዮን ዶላር ነው፤ እኛ ድሃ ነን፤ ሃሎ ልትገጥሙልን ነው?" ይሄ ጠንካራ ይመስላል። ለዚህ ነው ስለ ስቱዋርት መፍቻ አስታውሱልን ያልነው። የዓለም ሻምፒዮኑ ያመጣው የመጀመሪያው የደህንነት መሣሪያ ከገበያ የሚገዛ መፍቻና ፕላስተር ነበር። አራት ቡሎን፣ አራት ዳዶ፣ መዳፍ የምታክል ወፍራም ላሜራና የአንድ ሰዓት ብየዳ ስንት ያስወጣል? የዚያ ሃይስ ባለቤት ለጎን መስታወቱ ስቲከርና ለስፒከሩ ያወጣው ከዚያ ይበልጣል፤ ስፒከሩ ደግሞ ወንበሩ ሲነቀል እንኳን አልተነቃነቀም!

አዲስ አበባ ውስጥ በዓመት ወደ 400 ሰው በመኪና አደጋ ይሞታል፤ አብዛኛው ታክሲ ውስጥ ያለው ሳይሆን እግረኛው ነው። ይህን ስንል ድይፓ "ታዲያ ስለ ወንበር ምን አስጨነቃችሁ?" አለን። አስተሳሰቡ አንድ ስለሆነ ነው። በ1961 ሞንዛ ላይ የፎን ትሪፕስ ፌራሪ ወደ ተመልካቹ ወጥቶ ከሹፌሩ ጋር 15 ሰው ሲሞት፣ ተመልካቹን "ተጠንቀቅ" ብሎ መምከር ዋጋ እንደሌለው ስፖርቱ ቀስ እያለ ገባው፤ አጥሩ መጣ፣ ተመልካቹ ወደኋላ ሄደ፣ ጎማ ተገንጥሎ እንዳይወረወር በገመድ ታሰረ። በወሩ 5 ቀን አቦን ተሳልሞ የሚወጣውን ነጠላ የለበሰ ሕዝብ እዩት። አሮጊቷ በአንድ እጃቸው ጥዋፍ፣ በሌላው የልጅ ልጃቸውን ይዘው አስፋልት ሲሻገሩ እኛ የምንሰጣቸው ደህንነት "እማማ፣ ግራና ቀኝ ይዩ" የሚል ምክር ነው። ከፍ ተደርጎ የተሠራ መሻገሪያ መኪናውን ሳይወድ በግዱ ያዘገየዋል፤ ምክር ግን ሹፌሩ ቀና ሰው ከሆነ ብቻ ነው የሚሠራው።

አንዳንዱ ደግሞ ተስፋውን በአዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ጥሏል። በ2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ሠፈራችን ስለ ባትሪ ብቻ ነው የሚያወራው፤ በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ስንት ብር ነው። ቢጋጭ ምን ይሆናል ብሎ የጠየቀ ሰው አላጋጠመንም። አሮጌዎቹ ሃይሶችም የትም አልሄዱም፤ ነገ ጠዋት ሥራ የምንሄደው በነሱ ነው።

ድይፓ ይህን ጽሑፍ ሲያነብ ምን እንደሚል እናውቃለን። "ጨዋታውን አበላሻችሁት፣ እሁዳችንን ፖለቲካ አደረጋችሁት" ይላል። ይበል። ወንበሩ የተነቀለበት ሹፌር ግን ስልኩን ሰጥቶናል፤ ተራ ከሚጠብቁት ጓደኞቹ መካከል ሦስቱ ወንበራቸው እንዲታይላቸው ተስማምተዋል፤ በያጁ ጋሼም ላሜራውን እሳቸው እንደሚችሉ፣ ቡሎኑን ግን እኛ እንድንገዛ ነግረውናል። የፊታችን እሁድ ውድድሩ 10 ሰዓት ላይ ነው። እኛ 8 ሰዓት ላይ መካኒሳ አቦ ታክሲ ተራው ጋ እንገኛለን። የድይፓ አባላትም ተጋብዛችኋል። 14 እና 17 ቁጥር መፍቻ ያለው ይዞ ይምጣ።